መከታና የአፍ ማሰሪያው

አንድ ጊዜ ደምለው የሚባል ገበሬ መከታ የሚባል ውሻ ነበረው። መከታ ስሙን ያላሳፈረ ውሻ ነው፤ እሱ በረቱ ደጃፍ ላይ ከተጋደመ በጎቹ እንቅልፋቸውን ይለጥጣሉ። ታዲያ አንድ ቀን የኋላ እግሩን እሾህ ወጋውና ቁስሉ አመረቀዘ። ደምለው ሊያጥብለት እግሩን ቢይዘው ዘወር ብሎ እጁን ክፉኛ ነከሰው።

ጎረቤት ተሰበሰበ። «ጌታውን የነከሰ ውሻ ምን ይሠራል? ግደለው እንጂ» አሉት።

«የነከሰኝ ሕመሙ ነው» አለ ደምለው እጁን በጨርቅ እየጠቀለለ። ጨርቁን አጥብቆ ቋጠረና፣ «ከደገመኝ ግን አልምረውም» ብሎ ጨመረ። መከታ ይህን ሰምቶ ጆሮውን ጣለ።

ደምለው ከጠፍር የአፍ ማሰሪያ ጎነጎነ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነው፤ ያስተነፍሳል፣ ውሃ ያስጠጣል፣ የሚከለክለው መንከስ ብቻ ነው። ደግሞም በግድ አላጠለቀለትም። መጀመሪያ ቀን ውስጡን ቅቤ ቀብቶ አስላሰው፤ በማግስቱ ለአፍታ አስሮ ፈታለት፤ ቁስሉን በጨው ውሃ ያጠበው በሦስተኛው ቀን ነው። መከታ አጉረመረመ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ማንንም ግን አልነከሰም። ደምለው የቁስል መጠቅለያ ሊያመጣ ወደ ቤት ገባ።

ይህችን ጊዜ ስትጠብቅ የነበረች ቀበሮ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለች።

«ወይ ጉድ! ወንድሜ መከታ፣ የስንት ዘመን ውለታህ ይሄ ሆነ?»

መከታ አፈረ። በጎቹ ሁሉ እያዩት ነበር።

«ቀረብ በል፣ ጠፍሩን በጥሼ ልገላግልህ» አለችው።

አንድ እርምጃ ተራመደና ቆመ። «ከፈታሽኝ በኋላ ጌታዬ ቁስሌን ቢነካው ጥርሴ ምን ያደርጋል?»

«ታዲያ ያሻውን ያድርጋ!»

«እኔም የምፈራው እሱኑ ነው። በይ ሂጂልኝ።»

ቀበሮ በዚህ የምትተው አይደለችም። ቀጥ ብላ አያ ጅቦ ዘንድ ሄደች። «የመከታ አፍ ታስሯል። አንተ በጉን ብላ፣ ለእኔ ትርፍራፊው ይበቃኛል» አለችው። አያ ጅቦ ገና ሳይነሣ ምራቁ ቀደመው።

ሲደርሱ ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ደምለው ቁስሉን ጠቅልሎ ሲጨርስ ማሰሪያውን ፈትቶ በረቱ ምሰሶ ላይ ሰቅሎታል። ቀበሮ ይህን ስታይ ወደ ኋላ አለች።

«ዛሬስ ይቅርብን። ያውልህ፣ ተሰቅሏል።»

አያ ጅቦ ቀና ብሎ አየ። የተሰቀለው ነገር ቁርጥ የውሻ አፍ ይመስላል። «አንቺ ደግሞ! አፉን አውልቆ ሰቅሎት በምኑ ሊነክሰኝ ነው?» ብሎ ዘው አለ።

በምኑ እንደነከሰው የአያ ጅቦ ታፋ ያውቃል። ከበጎቹ አንድም አልጎደለ።

በማግስቱ ቁስሉ የሚታጠብበት ሰዓት ደረሰ። ደምለው ማሰሪያውን ከምሰሶው አውርዶ መሬት ላይ አኖረና ቅቤ ሊያመጣ ዘወር አለ። ሲመለስ መከታ በሦስት እግሩ እየዘለለ መጥቶ አፍንጫውን ራሱ አስገብቶ ይጠብቀዋል። ደምለው ቅቤውን አስቀምጦ በዚያው በተነከሰ እጁ ራሱን ዳበሰው።

ከዚህ የምንማረው፣ ሲያመን ቀድመን የምንጎዳው የሚወደንን ነውና፣ እስክንድን ድረስ አፋችንን የሚይዝልን ወዳጅ እንጂ ጠላት አለመሆኑን ነው።