ከመንገዱ የሚታየው ድንጋይ

አንድ ሰው ነበረ። ሀብት ያለው፣ ልቡም ለሀገሩ ሰው የሚራራ። በተወለደባት ትንሽ ከተማ ሆስፒታል የለም። የታመመ ሰው አውቶቡስ ተሳፍሮ ቀኑን ሙሉ ይጓዛል፤ የደረሰ ይደርሳል፣ ያልደረሰም አለ። ሰውዬው ይህን እያየ አላስችል አለውና "እኔ አሠራለሁ!" አለ። እሰይ! ክፋት አለው፣ ወገኖቼ? ምንም ክፋት የለውም።

ታዲያ እንደ ልማዳችን ምን አስቀደመ? የመሠረት ድንጋይ! ዲዛይኑ ገና አልጸደቀም፣ አፈሩ አልተመረመረም፣ የግንባታ ፈቃድ የሚባለው ነገር ጨርሶ የለም። ግን ድንኳን ተተከለ፣ ሰንጋ ተጣለ፣ ሽማግሌዎች መረቁ። ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ፣ አላፊ አግዳሚው ሁሉ በሚያየው ስፍራ ድንጋዩ ቆመ። ስሙም በወርቅማ ቀለም ተጻፈበት። አትሳቁ! እናንተም ብትሆኑ ታስጽፉ ነበር።

በዚያ ቀን ከሕዝቡ መካከል አንዲት ሴት ቆማ ታለቅሳለች። ትርንጎ ትባላለች። ባሏ ጥጋቡ ኩላሊቱ ደክሟል፤ ደሙ በየሳምንቱ በማሽን ካልታጠበ አይኖርም። ማሽኑ ያለው ደግሞ ሩቅ ከተማ ነው። እሱ እዚያ በኪራይ ቤት ብቻውን፣ እሷ እዚህ ከልጆቿ ጋር። ሞቶባት አይደለም፣ ጥሏትም አይደለም። በሕይወት ያለ ባሏን ትናፍቃለች። ይሄ እንዴት ያለ ናፍቆት እንደሆነ የቀመሳችሁ ታውቁታላችሁ።

ሰውዬው በንግግሩ "የኩላሊት እጥበትም ይኖረዋል" ሲል ጊዜ፣ ከእንባዋ ጋር እልልታዋን አቀለጠችው።

ከዚያስ? ሰውዬው ወደ ቢሮ ሄደ። የመሬቱ አለ፣ የጤናው አለ፣ የአካባቢ ጥበቃው አለ። ይህን አምጣ አሉት፣ አመጣ። ያንን ጨምር አሉት፣ ጨመረ። በመጨረሻ አንዲት ባለሙያ ቦታውን አይታ ተመለሰችና "ጋሼ፣ እዚህ ቦታ ላይ አይሆንም" አለችው።

"ለምን ሲባል?"

"ከሥሩ ከተማው የሚጠጣው ምንጭ አለ። የሆስፒታሉ ፍሳሽ ወደዚያ ይወርዳል። ላክም ብለው ሕዝቡን ያሳምሙታል። ከምንጩ በታች፣ ከገበያው ጀርባ ቦታ አለልዎት። እሱን ይውሰዱ፤ ፈቃዱ አይቆይብዎትም።"

እንዴት ያለ መልካም ዜና ነው! እዚያው "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ መውሰድ አልነበረበትም? እሱ ግን "የመሠረት ድንጋይ ጥዬበታለሁ! ሽማግሌ መርቆበታል!" ብሎ ጠረጴዛ ደበደበ። በልቡስ ምን ይል ነበር? ከገበያ ጀርባ ማን ያየዋል?

አቤቱታ ጻፈ። ይግባኝ አለ። ክረምት መጥቶ ሄደ፣ ደግሞ መጥቶ ሄደ። ሰው "ሆስፒታሉስ?" ሲለው "ቢሮው መቼ ያሠራል!" ይላል። ሰውም "አይ የኛ ነገር" እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። ወገኖቼ፣ እስቲ ንገሩኝ፤ ሆስፒታሉን የያዘው ቢሮው ነበር?

አንድ ቅዳሜ ሰውዬው በዚያ ሲያልፍ ትርንጎን አያት። ከድንጋዩ ሥር ተንበርክካ ሣሩን ትነቅላለች፣ በነጠላዋ ጫፍ አቧራውን ትጠርጋለች።

"ምን እያደረግሽ ነው፣ ትርንጎ?"

"ምን ላድርግ ጋሼ! ጥጋቡ ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነው። 'ድንጋዩ አለ?' ይለኛል። 'አለ' እለዋለሁ። 'እንግዲያው አገሬ እገባለሁ' ይላል። ሰሞኑን ሣሩ ሊውጠው ሲደርስ፣ አለ ማለቱ ውሸት መሰለኝና መጣሁ።"

ሰውዬው እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። "ትርንጎ፣ ባልሽን ያስቀረብሽ ይሄ ድንጋይ ነው" አላት። ሌላ ቦታ እንደተሰጠው፣ እሱ እምቢ እንዳለ፣ አንድም ሳይደብቅ ነገራት።

ትሰድበኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትሰድበው በወደደ። እሷ ግን ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ ጎንበስ ብላም ድንጋዩን በአንድ ጎኑ ያዘችው።

"ጋሼ፣ በዚያ በኩል ይያዙልኝ።"

"በሲሚንቶ የታሰረ ነው እኮ፣ ልጄ። እኔና አንቺ አናነሣውም።"

"በዚያ በኩል ይያዙልኝ ነው የምልዎት!" ጮኸችበት። እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። "ባሌን እኮ ነው! ባሌን ነው የናፈቅኩት!"

ያዘ። ድንጋዩ ንቅንቅ አላለም። ጩኸቱን የሰሙ ሰዎች ከመንገድ ወረዱ፤ አንዱ ዲጅኖ ይዞ መጣ። ተጋግዘው ነቀሉት።

ፈቃዱ በማግስቱ ተሰጠ ብዬ አልዋሻችሁም። አፈሩ ይመርመር ተባለ፣ ዲዛይኑ ይስተካከል ተባለ፣ እንደገና ደጅ ተጠና። ግን ተሰጠ። አሁን ከገበያው ጀርባ ግንቡ እየወጣ ነው። ጣሪያ ገና የለውም፤ ጥጋቡም ገና አልመጣም። ድንጋዩ የተነሣ ዕለት ደውሎ እንደ ልማዱ "ድንጋዩ አለ?" ሲላት፣ "የለም! አነሣነው! አሁን ትመጣለህ!" ብላ አለቀሰች አሉ።

ወገኖቼ፣ "እግዚአብሔር ዘገየብኝ" የምትሉ እናንተ! ሰላም ናፍቋችኋል። የቤታችሁ ሳቅ ናፍቋችኋል። ትጾማላችሁ፣ ትሰግዳላችሁ፣ ደጁን ትጠናላችሁ። እሱ መልሱን ከሰጣችሁ ስንት ጊዜ ሆነ? "ከወንድምህ ታረቅ፤ ቦታው እዚያ ነው" አላለህም? "ወደ እናትሽ ቤት ሂጂ" አላለሽም? እናንተ ግን ድንጋያችሁን ተክላችኋል። ስማችሁ አለበት። ከመንገዱ ይታያል። ዝቅ ብላችሁ ብትታረቁ ማን ያይላችኋል?

በዚያ ማዶ እኮ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ። ስልኩን ይዞ የሚጠብቅ፣ ዛሬ ይመጡ ይሆን የሚል። እስከ መቼ ነው አቧራውን የምትጠርጉት?

ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። በሲሚንቶ ታስሯል። ብቻችሁን አንሡት አላልኳችሁም። ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ብቻ ጎንበስ በሉና በአንድ ጎኑ ያዙት፤ "ጌታ ሆይ፣ በዚያ በኩል ያዝልኝ" በሉት።

ይይዝላችኋል።