ደምቅነሽ ሞተር ልታጥብ ተነሳች

ተረት ላውራላችሁ፤ ላም የለበትም፣ በረትም የለበትም፤ ያለችበት አንዲት አሮጌ ሰማያዊ መኪና ነች።

የመኪናዋ ባለቤት ወይዘሮ ደምቅነሽ የሰፈሩን ሰባት ሕፃናት ትምህርት ቤት የምታመላልስ ሴት ነች። አንድ ቅዳሜ በማለዳ መኪናዋን ለዓመታዊ ምርመራ ወሰደቻት። መርማሪው ኮፈኑን ከፍቶ አየና ወዲያው ዘጋው።

«እናቴ፣ ይሄ ሞተር ነው ወይስ የከሰል ጆንያ? ቁጥሩ እንኳ አይነበብም። አጥበው እስከ አስር ሰዓት ያምጡት። አለዚያ ቦሎ የለም።»

ቦሎ ከሌለ ሰኞ ሰባቱ ልጆች የሌላ ሰው መኪና ውስጥ ይገባሉ፤ አንዴ ከገቡ ደግሞ አይወጡም። ደምቅነሽ ግን አልደነገጠችም። ሞተር ማጠብ ታውቃለች። ቤቷ ተመልሳ ኮፈኑን ከፈተችና ሞተሩ እንዲበርድ ተወችው፤ የጋለ ሞተር ላይ ውሃ ማፍሰስ ብረት መሰንጠቅ ነው። ብሩሽ አለ፤ ሳሙና አለ፤ ለዲናሞው መሸፈኛ ፌስታል አለ። የባትሪውን ገመድ የሚፈታው አስር ቁጥር ቁልፍ ብቻ የለም። እሱን ጎረቤቷ ዘርጋው ዲሽ ላስርበት ብሎ ተውሷታል።

«ውይ ደምቄ! ጣሪያው ላይ ረስቼው ወረድኩ» አላት ዘርጋው። «መሰላሉን ደግሞ እማማ ዘርፌ ወሰዱት። ለመሆኑ ቁልፍ ምን ያደርግልሻል? ዝም ብለሽ ውሃውን ልቀቂበት!»

«ባትሪው እንደታሰረ? ከዚያ ሰኞ ሰባቱን ልጆች አንተ ታዝላቸዋለህ?»

ዘርጋው ጀርባውን ዳበሰ። እንግዲህ መሰላሉ ካልመጣ ቁልፉ አይወርድም፤ ቁልፉ ካልወረደ ባትሪው አይፈታም፤ ባትሪው ካልተፈታ ሞተሩ አይታጠብም፤ ሞተሩ ካልታጠበ ቦሎ የለም።

ደምቅነሽ ወደ እማማ ዘርፌ ግቢ ገሰገሰች።

«መሰላሉ ይኸውልሽ፣ ልጄ» አሏት እማማ። መሰላሉ መሬት ላይ ተጋድሟል፤ መሀሉ ላይ በተጎዘጎዘ ጭድ አንዲት ቀይ ዶሮ እንቁላል ታቅፋለች። «አሥራ ሁለት ነፍስ ነው! ከነጭዷ የማነሳበት ሳጥን ካመጣሽልኝ ደስ እያለኝ እሰጥሻለሁ።»

«ትንሽ ፈቀቅ ብናደርጋትስ፣ እማማ?»

«አንቺን ምጥ ላይ ሆነሽ ፈቀቅ በይ ያለሽ ነበር?»

ሳጥኑ ካልመጣ ዶሮዋ አትነሳም፤ ዶሮዋ ካልተነሳች መሰላሉ አይነሳም፤ መሰላሉ ካልተነሳ ቁልፉ አይወርድም፤ ቁልፉ ካልወረደ ባትሪው አይፈታም፤ ባትሪው ካልተፈታ ሞተሩ አይታጠብም፤ ሞተሩ ካልታጠበ ቦሎ የለም።

ሳጥን ያለው ባለሱቁ ሱሩር ነው፤ የለስላሳ ሳጥን ገልብጦ ተቀምጦበታል።

«ብሰጥሽ ደስ ባለኝ» አለ ሱሩር፣ ሳይነሳ። «ግን በርጩማዬን እድሩ ለለቅሶ ወስዶ ይኸው ሦስት ወሩ። ቆሜ ከሸጥኩ ደንበኛ ልዘጋ የተነሳሁ ይመስለዋል።»

በርጩማው ካልተመለሰ ሳጥኑ አይለቀቅም፤ ሳጥኑ ካልተለቀቀ ዶሮዋ አትነሳም፤ ዶሮዋ ካልተነሳች መሰላሉ አይነሳም፤ መሰላሉ ካልተነሳ ቁልፉ አይወርድም፤ ቁልፉ ካልወረደ ባትሪው አይፈታም፤ ባትሪው ካልተፈታ ሞተሩ አይታጠብም፤ ሞተሩ ካልታጠበ ቦሎ የለም።

ደምቅነሽ መንገዱን ተሻግራ የእድሩ ዳኛ አቶ ቢራቱ ቢሮ ዘው አለች።

«ጋሼ ቢራቱ፣ የሱሩር በርጩማ የት ደረሰ?»

አቶ ቢራቱ ከተቀመጡበት ንቅንቅ አላሉም። «ሰላምታ ከአገር ጠፋ እንዴ?» አሉ በመነጽራቸው አናት እያዩዋት። «የእድር ዕቃ የሚመለሰው በመኪና ተጭኖ ነው፤ በቃለ ጉባኤ ተወስኗል። መኪና አለሽ አይደል? ጫኚው።»

«መኪናዋን ካስነሳኋት ሞተሩ ይግላል፣ ጋሼ! እንዳይግል ካቆምኳት በርጩማው አይመለስም፤ በርጩማው ካልተመለሰ ሳጥኑ አይለቀቅም፤ ሳጥኑ ካልተለቀቀ ዶሮዋ አትነሳም፤ ዶሮዋ ካልተነሳች መሰላሉ አይነሳም፤ መሰላሉ ካልተነሳ ቁልፉ አይወርድም፤ ቁልፉ ካልወረደ ባትሪው አይፈታም፤ ባትሪው ካልተፈታ ሞተሩ አይታጠብም፤ ሞተሩ ካልታጠበ ቦሎ የለም!»

አቶ ቢራቱ በጥሞና ሰሙ፤ ራሳቸውንም ነቀነቁ። «ከባድ ጉዳይ ነው። ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ እናስይዝልሻለን።»

ደምቅነሽ ያን ጊዜ ዓይኗ ወደ ታች ወረደ። የዳኛው መቀመጫ ሦስት እግር አለው፤ አንደኛው እግር ላይ በቀይ ቀለም «ሱሩር» ተጽፏል። በመስኮቱ ደግሞ ራሱ ሱሩር ከመንገዱ ማዶ፣ ሳጥኑ ላይ ይታያል።

ተመልሳ ወጣች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ በሩን ቆረቆረች፤ አንገቷን ደፍታ ገባች።

«እንደምን አረፈዱ፣ ጋሼ ቢራቱ?»

አቶ ቢራቱ በአርባ ዓመት የዳኝነት ዘመናቸው ሰላም ብሎ የገባን ሰው ተቀምጠው ተቀብለው አያውቁም።

«ኖር!» ብለው ብድግ አሉ።

«በእግዜር!» አለችና በርጩማውን አንስታ ወጣች። በእጅ ስለሚወሰድ ዕቃ ቃለ ጉባኤው የሚለው ነገር አልነበረም።

በርጩማው ተመለሰ፤ ሳጥኑ ተለቀቀ፤ ዶሮዋ እየተሳደበች ከነእንቁላሏ ሳጥን ገባች፤ መሰላሉ ተነሳ፤ ቁልፉ ወረደ፤ ባትሪው ተፈታ፣ ያውም ከኔጋቲቩ ጀምሮ። ሞተሩም በዚህ ሁሉ መሀል እንደ ምንጭ ውሃ ቀዝቅዞ ጠበቃት፤ ሰፈሩ እስከ ዛሬ «ያበረድንልሽ እኛ ነን» ይላታል። ዲናሞው፣ ባትሪውና የአየር ማጣሪያው አፍ ፌስታል ለበሱ፤ ብሩሹ በሳሙና ፈተገ፤ ውሃው ከጆግ ቀስ እያለ ወረደ፤ ጨርቁ አደረቀ፤ ፌስታሉ ተገፈፈ፤ ገመዱ ታሰረ። ብታስነሳው በአንዴ ተነሳ።

ለአስር ሩብ ጉዳይ ሲል መርማሪው ኮፈኑን ከፈተ። ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን ጮክ አድርጎ አነበበ፤ ደግሞም አነበበ።

«እናቴ፣ ሞተር ቀየሩ እንዴ?»

«ጎረቤት ነው የቀየርኩት ብልህ ደስ ባለኝ፣ ልጄ» አለች ደምቅነሽ።

ቦሎው መስታወቱ ላይ ተለጠፈ። ሰኞ ጠዋት ሰባቱ ልጆች እየተጋፉ ሰማያዊዋ መኪና ውስጥ ገቡ።

ተረቴን ብትመልሱም ባትመልሱም ግድ የለም፤ የተዋሳችሁትን ቁልፍ ግን መልሱ።