ከእግር የማያልፍ ባትሪ

አንዲት አሮጊት ነበረች። ፊደል አልቆጠረችም ተብሎ በገዛ ቤቷ ነገር ሲመከር እሷን የሚጠይቃት የለም። ጆሮ እንደሌላት በፊቷ ያወሩባታል።

የቅበላ ማታ ነው፤ ነገ ዐቢይ ጾም ይገባል። ቂም ይዞ ጾም እንደማይያዝ ታውቃላችሁ። የዚህች ሴት ታናሽ እህት አንጓች ከገደሉ ማዶ ትኖራለች። በአንዲት ቁራሽ መሬት ተኳርፈው ስድስት ዓመት አልተያዩም። ያን ዕለት ሲመሽ «አንጓች ታማለች» የሚል ወሬ መጣ። አሮጊቷ ነጠላዋን አንስታ ቆመች።

«ይቅር ለእግዜር ሳንባባል አላድርም» አለች።

አማቿ ቢምረውና ጎረቤቱ ታከለ ያደርሷታል ስትል፣ ደጅ ወጥተው ባትሪ ማወዳደር ያዙ።

«የኔ ከወንዙ ያልፋል» አለ ታከለ።

«የኔ ይኸው የአንጓችን በር መታ» አለ ቢምረው። «እማማ፣ ይዩት፤ ደረስንልዎ እኮ።»

እውነትም ደረሰ። በሩ ተከፈተና አንዲት ቀጭን ሴት በምርኩዝ ወጣች። እህቷ ናት። ስንት ሌሊት በህልሟ ያየቻት። መብራቱ ቢያጥበረብራት ፊቷን በመዳፏ ጋረደች፤ ከዚያ በሩን መልሳ ዘጋችው።

ስድስት ዓመት የተናፈቀ ፊት፣ መዳፍ ብቻ ሆኖ ታየ።

«አጥፋው» አለች አሮጊቷ። ከጓዳ የራሷን ባትሪ አመጣች፤ ድንጋዩ የደከመ፣ ብርሃኑ ቢጫ።

ታከለ ሳቀ። «ይሄማ ከእግርዎ አያልፍም።»

«የሚሄደው እግሬ አይደል? ያንተ እስከ በሩ ሄዶ ምን አመጣ? በር አዘግቶ መጣ።»

ወረደች። አንድ እርምጃ ታበራለች፣ አንድ እርምጃ ትራመዳለች። ወንዙን ተሻገረች፤ ዳገቱን እየተቀመጠች ወጣች። ደጁ ስትደርስ ብርሃኑን ወደ መሬት ደፍታ፣ «አንጓች፣ እኔ ነኝ» አለች።

 ከውስጥ የበሩ መወርወሪያ ተንቀሳቀሰ።

እናንተስ፣ ምእመናን? «ሰላም በሉልኝ» ብላችሁ በሰው ትልካላችሁ። የወንድማችሁን ጥፋት ከማዶ ሆናችሁ ታበሩበታላችሁ። ዓይኑን ሲጋርድ ደግሞ «ኩራቱ» ትላላችሁ። ማን አጥበረበረው? ናፍቆት በእግሩ ካልሄደ ምን ይሠራል?

አንቺ፣ እዚያ ዓምዱ ሥር የተቀመጥሽው፣ እያለቀስሽ አትስሚ። እንባሽን ጥረጊ፣ ጫማሽን አጥልቂ። የእናትሽ ልጅ ደጅ የት እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ተነሺና ሂጂ፤ ስብከቱን ሌላ ቀን ትሰሚያለሽ።