አህያና ባለመብራቱ ኮምፒውተር

አንድ ጊዜ ወንዝ ዳር ባለ ጫካ የምትኖር አንዲት አህያ በአያ አንበሶ መሥሪያ ቤት ተቀጥራ ቪዲዮ ትሠራ ነበር። ሥራዋ የተወሳሰበ አልነበረም። በስልኳ የቀረጸችውን ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች፣ ጽሑፍ ትጨምርበታለች፤ ከዚያ እንስሳቱ ሜዳው ላይ ተሰብስበው በትልቁ ስክሪን ያዩታል። እሳት የተነሳበትን፣ ወጥመድ የተጠመደበትን ቦታ የሚያውቁት ከእሷ ቪዲዮ ነበር።

አንድ ቀን አሮጌው ኮምፒውተሯ ጭራሽ አልበራ አለ። አያ አንበሶም የግዢ ክፍል ኃላፊውን አያ ጅቦን ጠርቶ፣ «ከአህያ ጋር ሄዳችሁ ለሥራዋ የሚሆናትን ግዙ» ሲል አዘዘ።

አህያ ከአያ ጅቦ ጋር መሄዱን አልወደደችውም። ባለፈው ክረምት የአክስቷን ልጅ የበላው ማን እንደሆነ ጫካው ሁሉ ያውቃል፤ ደፍሮ የሚናገር ግን የለም። መንገዱን እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ ሆነው ሲሄዱ ትንፋሹ ጭራዋን ይነካት ነበር።

«አንቺ አህያ» አለ አያ ጅቦ ምራቁን እየዋጠ፣ «ምን ዓይነት ነው የምትፈልጊው?»

የምትፈልገውን ታውቅ ነበር። በጣም ውድ የሆነ አያስፈልጋትም፤ ብዙ ነገር ባንዴ የሚከፍትበት ራሙ ሰፋ ያለ፣ ቪዲዮ ሲከፈትበት የማይንቀራፈፍ ፈጣን ዲስክ ያለው ተራ ኮምፒውተር ይበቃታል። ዞር ስትል ግን ጥርሱን አየች።

«እርስዎ... እርስዎ የመረጡት ይሻላል፣ አያ ጅቦ» አለች።

የቀበሮ ሱቅ ዋሻ ውስጥ ነበር። ቀበሮ ሁለት ኮምፒውተሮች አውጥታ አስቀመጠች። አንዱ ግራጫ ነው፤ ምንም አያብለጨልጭም። ሌላው ግን የጎሽ ራስ የሚያክል፣ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ሆዱ ውስጥ ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚሽከረከርበት ነው። ቆይቶባት ገዢ ያጣችለት እሱ ነበር።

«ጌታዬ፣ ይኼ የትልልቅ ሰዎች ነው» አለች ባለመብራቱን እየዳበሰች። «ግራጫውንማ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ደግሞ ይህን ለሚወስድልኝ ደንበኛ አንድ ገመድ ሙሉ ቋንጣ ምርቃት አለው።»

የአያ ጅቦ ጆሮ ቆመ። «መብራቱ ያምራል! ትልቅ ነው! ትልቅ ነገር ደግሞ ብዙ ይሠራል። ቋንጣው የት አለ?»

አህያ ከኮምፒውተሩ ጀርባ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበች። ራሙ ትንሽ፣ ዲስኩ የድሮው ቀርፋፋ ዲስክ ነው። ያ ሁሉ ግዝፈት ባዶ ሣጥን ነበር። ቪዲዮዎቿን የያዘው ፍላሽ አንገቷ ላይ ባንጠለጠለችው ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ሰክታ ብትሞክረው እውነቱ እዚያው ይወጣ ነበር። ቦርሳዋን ልትከፍት ስትል አያ ጅቦ ቋንጣውን እያኘከ አፈጠጠባት።

«ችግር አለ?»

«የለም... ያምራል» አለች።

ብዙም ሳይቆይ በላይኛው አገር ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ወንዙ መሙላት ጀመረ። እንስሳቱ ውሃው ሳይቀድማቸው ወደ ማዶ መሻገር ነበረባቸው። ነገር ግን በለመዱት መሻገሪያ አዞዎች ሰፍረዋል። አህያ ገደል አፋፍ ላይ ሆና አዞዎቹን ቀረጸች፤ ከሾላው ዛፍ ሥር ያለውን ደህናውን መሻገሪያም ቀረጸች።

«ከሰዓት በኋላ ሁሉም ይሰበሰባል» አላት አያ አንበሶ። «ቪዲዮውን አይተው ይሻገራሉ። እንዳታሳፍሪኝ።»

ባለመብራቱ ኮምፒውተር እያጓራ ተነሳ። አንዱን ቪዲዮ እንደምንም ከፈተ፤ ሁለተኛውን ስትጨምርበት ቀጥ አለ። አጥፍታ አበራችው። እንደገና ቀጥ አለ። ስክሪኑ ደርቆ መብራቱ ብቻ ይሽከረከራል። ከውጭ የወንዙ ድምፅ እየጎላ መጣ። ወጥታ «አልሠራ አለኝ» እንዳትል አያ አንበሶን ፈራች፤ ዝም እንዳትል ወንዙን ፈራች። ላብ እያጠመቃት ያንኑ ቁልፍ ደጋግማ ትጫናለች።

ሜዳው ላይ የተሰበሰቡት መታገሥ አቃታቸው። «ውሃው ሊቀድመን እኮ ነው!» ብላ አንዲት ሚዳቋ ግልገሏን አስከትላ ወደ ለመደችው መሻገሪያ ሮጠች። ሌሎቹም ተከተሏት።

አህያ በመስኮት አየቻቸው። ያን ጊዜ አንበሳውንም ጅቡንም ረሳች። በሩን በርግዳ ወጥታ እየጮኸች ሮጠች። «ተመለሱ! አዞ አለ! በሾላው በኩል ነው! በሾላው!»

መንጋው ደንግጦ ቆመ። ሚዳቋዋና ግልገሏ ግን ውሃው ውስጥ ገብተው ነበር። እናትየው ዘላ ወጣች። ግልገሉ አልወጣም። ውሃው አንዴ ቀላ፤ ከዚያ እንደ ወትሮው መፍሰሱን ቀጠለ።

የቀሩት በሾላው በኩል በደህና ተሻገሩ። ማዶ ሲደርሱ አያ አንበሶ አህያን ጠራት።

«ቪዲዮው የት አለ?»

አህያ ሁሉንም ነገረችው፤ ስለ ባዶው ሣጥን፣ ስለ ቋንጣው። አያ ጅቦ ወደ ኋላ ወደ ኋላ ሲል አንበሳው በጥፊ ከመሬት ደባለቀውና ከጫካው አባረረው። ቀበሮን እንዲያመጧት ላከ፤ እሷ ግን ሱቋን ዘግታ ጠፍታለች።

ከዚያ ወደ አህያ ዞረ። «አንቺስ? እዚያው ሱቁ ውስጥ እያለሽ አውቀሽ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ይበላኛል ብዬ ፈራሁ።»

አያ አንበሶ ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ሚዳቋዋ ወንዙ ዳር ቆማ ውሃውን ታያለች። አህያ ሄዳ አጠገቧ ልትቆም ፈለገች፤ እግሯ ግን እምቢ አላት።

ከዚህ የምንማረው ለሥራችን ዕቃ ስንመርጥ ብልጭታውን ትተን ሥራውን መቻሉን መፈተን እንዳለብን፣ የማይሆን መሆኑን ካወቅን ደግሞ ፍርሃታችን ሌላውን ሳያስበላ እዚያው መናገር እንደሚገባን ነው።