ሦስቴ ካልለመኗት የማትበላዋ አህያ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ። ጮክ አድርጋችሁ ነው እንጂ! ከንፈሩን ብቻ ለሚያንቀሳቅስ ሰው እኔ ተረት አላወራም። አዎ፣ እንደሱ። በሉ እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ድሮ፣ እንስሳው ሁሉ በሚናገርበት፣ ዕቃውም ደስ ሲለው በሚያወራበት ዘመን፣ ደጋ አገር ዳልቺት የምትባል አንዲት አህያ ነበረች። ዳልቺት ጨዋ ናት። ጨዋነቷ ግን ልክ የለውም። ገና ውርንጭላ ሳለች እናቷ እንዲህ ስትል አስተምራታለች፦

«ልጄ፣ ሰው ቤት ሄደሽ መጀመሪያ ‹ብዪ› ሲሉሽ ‹በልቻለሁ› በዪ። ሁለተኛ ሲሉሽ ‹ጠግቤያለሁ› በዪ። ሦስተኛ ‹በሞቴ› ሲሉሽ ግን ‹እንግዲህ ሞትዎን ከጠሩ ምን አደርጋለሁ› ብለሽ ቅረቢ።»

በአህዮች ሠፈር ይህ ደንብ ነው። እንግዳ ሦስቴ እስክትለመን መጠበቅ እንዳለባት ታውቃለች፣ ባለቤትም ሦስቴ መለመን እንዳለበት ያውቃል፤ ስለዚህ ማንም ተርቦ አያድርም።

ታዲያ አንድ ቀን የዳልቺት ታናሽ እህት፣ ቡሊት፣ ቆላ ለሚኖር ለአንድ ሸጋ አህያ ልትዳር ሆነ። ቆላ ከበሮ የለም። ከበሮ ያለው ደጋ ነው፣ እሱም አንድ ብቻ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው «ከበሮውን ዳልቺት ታድርስ» አሉ። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልደረሰች ቡሊት ያለ ዘፈን ትዳራለች። ያለ ዘፈን የተዳረች ሙሽራ ደግሞ አማቶቿ ቤት ዕድሜ ልኳን ‹በዝምታ የመጣችው› እየተባለች ትታማለች።» ዳልቺት እህቷን እንደ ዐይኗ ብሌን ነው የምትወዳት። ጎህ ሲቀድ ከበሮውን ተጭና ተነሳች።

መንገዱን የምታውቀው በቅሎ ነበረች፤ ያቺ «አባትሽ ማነው?» ሲሏት «ፈረስ አጎቴ ነው» የምትለዋ። በቅሎ መምከር ትወዳለች።

«ስሚኝ ዳልቺት» አለቻት፤ «ዳገቱ አናት ላይ ጣሳ የተሰቀለበት የጦጣ ጠላ ቤት አለ። አተላዋ ወፍራም ነው፣ ጉልበት ይሆናል። ቆሎዋን ግን እንዳትነኪ፣ ግማሹ ጠጠር ነው። ሜዳው ላይ ቆቅ የሽምብራ እሸት አላት። ወንዙ ዳር ደግሞ ኤሊ አለች፤ የእሷን የባቄላ ንፍሮ ያልቀመሰ ቆላ ወረድኩ አይበል! ባለቤቱ መንገድ ድረስ ወጥቶ የሚጎትትሽ ቤት ግን አትግቢ። ጥሩ ምግብ ያለው ሰው ከእንግዳው ብዛት መንገድ ለመውጣት መች ጊዜ ያገኛል?»

ምክሩ ጥሩ ነበር። በቅሎ አንድ ነገር ብቻ ረሳች። የመንገድ ቤት ሰዎች «እንብላ» የሚሉት አንዴ ብቻ መሆኑን አልነገረቻትም።

ዳልቺት ዳገቱን ወጥታ ጦጣ ቤት ስትደርስ ቤቱ በእንግዳ ጢም ብሏል። ጦጣ ወዲያ ወዲህ ትሮጣለች።

«እንብላ እንጠጣ እትዬ አህያ!» አለች ጦጣ።

«ይባረክ፣ በልቼ ነው የወጣሁት» አለች ዳልቺት፣ ዐይኗን ከአተላው ገንቦ ሳታነሳ። ከዚያ ሁለተኛውን ልመና ለመስማት ጆሮዋን አቆመች።

«እሺ፣ መልካም መንገድ!» አለችና ጦጣ ገንቦውን ለፍየል አቀረበችው። ፍየል አንዴ ነው የተጠራችው። እስከ ጢሟ ገባችበት።

ዳልቺት ምራቋን ውጣ መንገዷን ቀጠለች። ጥቂት እንደሄዱ ከበሮው ከጀርባዋ ላይ «ራበሽ አይደል?» አላት።

«ማን? እኔ?»

«ሆድሽ ሲያጉረመርም እሰማለሁ። እኔ ከበሮ ነኝ፣ የባዶ ነገር ድምፅ አይጠፋኝም።»

«ዝም በል አንተ፣ ሰው ይሰማናል!»

«ይስማና! የእኔም ሆድ ባዶ ነው። ለነካኝ ሁሉ ባዶ መሆኔን እናገራለሁ፤ ሰውም ይጨፍርልኛል። አንቺን ምን አሳፈረሽ?»

ዳልቺት እርምጃዋን አፈጠነች። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ቆቅ ከልጆቿ ጋር እሸት ትበላለች። «ነይ ቅመሺ» አለቻት። ዳልቺት የጦጣን ልመና አንድ ብላ ቆጥራ ነበርና ቶሎ ለመጨረስ «ጠግቤያለሁ» አለች። አሁን የቀረው «በሞቴ» ብቻ ነው። ቆቅ ግን ድንጉጥ ናት፣ «እንግዲያው አላስቸግርሽ» ብላ ልጆቿን ሰብስባ ፍርር አለች። እሸቱም የወፍ ሲሳይ ሆነ።

ቁልቁለቱን ሲጀምሩ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። እዚያ፣ ከመንገዱ ዳር፣ አንድ ነጭ ኩታ የተከናነበ ጌታ ቆሞ ይጠብቃል።

«ቤት ለእንግዳ! ግቢ፣ ገብስ ቀርቧል!» አላት።

«ይባረክ፣ በልቻለሁ።»

«አፈር ስሆን ግቢ!»

«ጠግቤያለሁ ጌታዬ።»

«በሞቴ! እኔን ቀብረሽ!»

ዳልቺት እንባዋ መጣ። በስንት መከራዋ ደንብ የሚያውቅ ሰው አገኘች! በእርግጥ ጌታው ይሸታል። በእርግጥ ከኋላው ዝቅ ከፊቱ ከፍ ያለ ነው። ግን ሆድ ባዶ ሲሆንና ሰው ሲያከብረን አፍንጫችን ሥራውን ይተዋል። «እንግዲህ ሞትዎን ከጠሩ ምን አደርጋለሁ» ብላ ተከትላው ዋሻው ውስጥ ገባች።

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይሄኛው አያ ጅቦ ግን ቁርበቱን ራሱ አነጠፈላት። ከበሮው ቁርበቱን አየና ቀስ ብሎ፦

«ዳልቺት፣ እኔ የቆዳ ነገር አውቃለሁ። ይሄ ቁርበት የዘመድሽ መልክ አለው» አላት።

«እንግድነት ሄዶ የሰው ምንጣፍ አይታማም» አለችው።

አያ ጅቦ ደጁን በድንጋይ ዘጋና ገብሱን አቀረበ። ዳልቺት አሁንም ጨዋ ናት። «ብቻዬንማ አልበላም። እርስዎም ይቅረቡ፣ በሞቴ!» አለች።

«በሞትሽ ከሆነማ መች እምቢ እላለሁ!» አለና አያ ጅቦ ብድግ አለ።

ዳልቺት ክው አለች። በአንድ ልመና! «በልቻለሁ» የለ፣ «ጠግቤያለሁ» የለ! እንዲህ ያለ ስድ በዕድሜዋ አይታ አታውቅም። «ታዲያ የእርስዎ ምግብ የታለ?» ብላ ጠየቀች።

«በአራት እግሩ መጥቶልኛል» አለ አያ ጅቦ፣ ኩታውን እየጣለ።

«አንቺ ሴት፣ ምግቡ አንቺ ነሽ! ዝለዪ!» ብሎ ከበሮው ጮኸ።

ዳልቺት ዘለለች። ከበሮው ከዋሻው ግድግዳ ጋር ተላተመ፤ ድም! ወዲህ ስትዘል ድም! ወዲያ ስትዘል ድም! ዋሻው ድምፁን እየተቀበለ መቶ ከበሮ አደረገው። አያ ጅቦ «ወይኔ! ሰርገኛ መጣ! ሰርገኛ ጥይት ይተኩሳል!» ብሎ ራሱ የዘጋውን ድንጋይ ራሱ ፈነቀለና፣ ኩታው እግሩ ላይ እየተጠመጠመ፣ ሲወድቅ ሲነሳ ጫካ ገባ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይላሉ። ዳልቺት ባል አልነበራትም፣ ከበሮ ነበራት።

ገብሱን መለስ ብላ እንኳ አላየችውም። እየተንገዳገደች ወንዙ ዳር ደረሰችና እግሯ ከዳት። ፀሐይዋ ልትጠልቅ የቀራት ትንሽ ነው። ከወንዙ ማዶ የሠርጉ ዳስ ይታያል፤ ዘፈን ግን የለም። እሷን እየጠበቁ ነው።

ወንዙ ዳር ኤሊ ገበታዋን ዘርግታ ትኩስ ንፍሮ ትበላለች። አፏ እንደሞላ «እንብላ» አለች። ከዚያ ወደ ንፍሮዋ ተመለሰች።

ዳልቺት «በል...» ብላ ጀመረች። ከማዶ የእህቷን ድምፅ ሰማች። ቡሊት «እህቴ አልመጣችም?» እያለች ትጠይቃለች። ዳልቺት ሆዷ ባባ፣ እንባዋም ወረደ።

«ርቦኛል!» አለች። እንዲያውም ጮኸች። «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም፣ ርቦኛል!»

ሰማይ አልወደቀም። ኤሊም አልሳቀችባትም። «ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ እህቴ? ይቀዘቅዛል እኮ» ብላ ቦታ ልትለቅላት ፈቀቅ ማለት ጀመረች። ኤሊ ፈቀቅ ብላ እስክትጨርስ ዳልቺት ገበታውን አጋምሳው ነበር። ውሃም ጠጣች፣ ጉልበቷም ተመለሰ፣ ወንዙን ተሻገረች።

ፀሐይዋ ጠርዙ ላይ እያለች ከበሮው ዳሱ ውስጥ ድም አለ። እልልታው ቀለጠ! ቡሊት የእህቷን አንገት አቅፋ አለቀሰች፣ ወዲያው ደግሞ ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ጨፈረች። አማቶቿም «እንዲህ ያለች ሙሽራ መጥታልን አታውቅም» አሉ። የሙሽራው እናት ለዳልቺት ገበታ አቅርባ «ብዪ ልጄ» አለቻት። «በሞቴ» ልትል አፏን ስትከፍት ዳልቺት መብላት ጀምራ ነበር።

እናም ልጆቼ፣ ይሉኝታ ቤት ሲሆኑ ጌጥ ነው፣ መንገድ ላይ ግን ጅብ ይጠራል። አንዴ «እንብላ» ያላችሁን አትናቁ፤ ከልቡ ነው። ሦስቴ የሚለምናችሁን ደግሞ ጥርሱን እዩ።

ተረቴ አለቀ፣ አፌም ደረቀ። የሚበላም የሚጠጣም ያላችሁ አንዴ ብቻ ጠይቁኝ። እኔ እንደሆንኩ ርቦኛል።