በሬው የተለካበት ገመድ

ዶክተር ሐረገወይን ሬዚደንት ሐኪሞችን፣ ማለትም ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩትን፣ ስለ በሽተኛ አመጋገብ ልታስተምር ተዘጋጅታለች። የቀድሞ መምህሯ የነበሩት ሽማግሌ ፕሮፌሰር ግን ትምህርቱ ሳይጀመር በፊት ፈትኛቸው አሏት። «ፕሮፌሰር፣ ገና ሳላስተምራቸው መፈተኑ ምን ይጠቅማል? እዚህ የደረሱ ሐኪሞች ናቸው፤ ያፍራሉ። ሲጨርሱ ብጠይቃቸው አይበቃም?» አለቻቸው። ሽማግሌው ፈገግ አሉና ተረት ጀመሩ።

አንድ በሬ አድላቢ ነበረ። አዲስ የመኖ ሣር አገኘና ልቡ ተማረከ፤ የጤፍ ማሳውን እኩሌታ ለሣሩ ሰጠው። ሚስቱ «በፊት የበሬውን ደረት በገመድ እንለካው፤ ኋላ መወፈሩን እንድናውቅ» ብትለው ተቆጣት።

«በሬዬን የሰው ዓይን ልታስበዪው ነው? የተለካ ከብት አይባረክም!»

ነገሩስ ዓይን ብቻ አልነበረም። በሬው ከሲታ መሆኑን ገመድ እንዲነግረው አልፈለገም።

ዓመቱን ሙሉ ሣሩን እያጨደ አበላ። በሬው ጠግቦ ያመሰኳል፤ ጎረቤት ባለፈ ቁጥር «እሰይ፣ ይሄስ ሰንጋ ሆኗል!» ይላል። ምስጋና መቼም ለሰጪው ወጪ የለውም። ሰውዬው ደረቱን ነፋ፤ የቀረውንም የጤፍ ማሳ ለሣሩ ሊያርሰው ተነሣ። ቤቱ ውስጥ ግን ጎተራው ጎድሏል፤ ልጆቹ በቀን አንዴ መብላት ከጀመሩ ሰንብተዋል።

ሚስቱ ገመድ ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ገመዱ ላይ አንድ ቋጠሮ አለ።

«አምና ሣሩን ማብላት ሳትጀምር፣ አንተ ገበያ በሄድክበት ቀን ለክቼው ነበር» አለችው። «ላም አለኝ በሰማይ እንዳይሆንብን ብዬ ነው። ና፣ አሁን አንተው ለካው።»

ገመዱን በበሬው ደረት አዞረ። የገመዱ ጫፍ መጥቶ ልክ ቋጠሮው ላይ አረፈ። የአንዲት ጣት እንኳን ለውጥ የለም። ደግሞ ለካ፤ ያው ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ። ካለቀሰ በኋላ ግን ተነሥቶ ማሳውን በሙሉ ጤፍ ዘራበት።

ፕሮፌሰሩ ወደ ሐረገወይን ዞሩ።

«ልጄ፣ ሬዚደንቶችሽ ሲጨርሱ ያጨበጭቡልሻል፤ ያ የጎረቤቶቹ እሰይታ ነው። ገመዱ ፈተናው ነው፤ በፊት ካልቋጠርሽበት ደግሞ ኋላ ምንም አይነግርሽም። መጨረሻ ላይ ከመቶ ሰማንያ ቢያመጡ፣ ሳይማሩም ሰማንያ ያመጡ እንዳልነበር በምን ታውቂያለሽ? ያፍራሉ አልሽኝ፤ ትንሽ ቢያፍሩ አይሞቱም። ደግሞ አንቺም ፈርተሻል፣ ድካምሽ ከንቱ ሆኖ እንዳይገኝ። አልፈርድብሽም፤ እኔም በጊዜዬ ፈርቼ ሳልለካ ያስተማርኩባቸው ዓመታት አሉ፤ እስከ ዛሬ ይቆጩኛል። ገበሬው ባይለካ የሚራቡት ልጆቹ ነበሩ። አንቺ ባትለኪ የሚራበው አልጋ ላይ የተኛው በሽተኛ ነው። እሱ ደግሞ አያጨበጭብም፤ ዝም ብሎ ይመነምናል።»