ድንበር ላይ የቆመችው መንኮራኩር

ተረቴ ትምጣ፣ ከከዋክብት መሃል ትውጣ።

ብሩክታዊት የምትባል ልጅ ነበረች። የምትፈልገው አንድ ትንሽ ነገር ነው፤ በኦንላይን የሕዋ ጌም ውስጥ የቆመችውን የወንድሟን የይድነቃቸውን መንኮራኩር ገብታ ማየት። ፈተናሽን ስትጨርሺ አብረን እንበራለን ብሏት ነበር። ፈተናው አለቀ። አሁን ደግሞ ጌሙ ወደ አዲስ ሰርቨር ሊዛወር ነው። ያን ጊዜ ባለቤቷ ያልመጣላት መንኮራኩር ሁሉ ትጠፋለች ተብሏል።

ወደ መንኮራኩሯ ሄዳ አንኳኳች። «በሩ፣ በሩ፣ ተከፈትልኝ።»

«ባለቤቴስ?» አለ በሩ።

«እሱ ወደ ጌሙ አልገባም።»

«እንግዲያው ዘበኛው ካላዘዘኝ አልከፈትም።»

ወደ ጣቢያው ዘበኛ ሄደች። «ጋሼ ዘበኛ፣ በሩን ይዘዙልኝ። በሩ አልከፈትም አለ፣ እኔም አልገባሁም።»

«ባለቤቷስ የት ሄደ?»

«አልገባም።»

«ምሥራቁ ሰርቨር የኔ ናት ካላለኝ አላዝም። እንጀራዬ ነው፣ የኔ ልጅ።»

ሰርቨር ጌሙን የሚሸከመው ትልቅ ኮምፒውተር ነው። ሕዋው ሰፊ ስለሆነ ሁለት ሰርቨሮች፣ ምሥራቁና ምዕራቡ፣ ተካፍለውታል። ወደ ምሥራቁ ሄደች። «ምሥራቁ፣ ምሥራቁ፣ የኔ ናት በል። ዘበኛው አላዝም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ እኔም አልገባሁም።»

«ግማሿ እኔ ጋ፣ ግማሿ ምዕራቡ ጋ ነው። ማነው ድንበር ላይ ያቆማት?»

ይድነቃቸው ነበር። ሰው የሚበዛበት ቦታ ላይ የቤታቸው ኢንተርኔት ስለሚንቀራፈፍ ሁልጊዜ ጭር ያለው ድንበር ላይ ያቆማት ነበር።

«መጥቶ ያንሳት» አለ ምሥራቁ።

«አልገባም።»

«እንግዲያው ምዕራቡ ካልለቀቀ አልወስድም።»

ወደ ምዕራቡ ሄደች። «ምዕራቡ፣ ምዕራቡ፣ ልቀቃት። ምሥራቁ አልወስድም አለ፣ ዘበኛው አላዝም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ እኔም አልገባሁም።»

«ከድርሻዬ ስንዝር የምለቅ ይመስልሻል? መስመሩ ካልተነሳ አልለቅም።»

ወደ ድንበሩ መስመር ሄደች። «መስመሩ፣ መስመሩ፣ ፈቀቅ በል። ምዕራቡ አልለቅም አለ፣ ምሥራቁ አልወስድም አለ፣ ዘበኛው አላዝም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ እኔም አልገባሁም።»

«ያሰመረችኝ ፍሬሕይወት ናት። እሷ ካልገፋችኝ ንቅንቅ አልልም።»

ፍሬሕይወት ጌሙን ከሚሠሩት አንዷ ናት፤ ሰው ናት። ብሩክታዊት ሰው ትፈራለች። ቢሆንም ቻት ላይ ጻፈችላት። «እህት ፍሬሕይወት፣ መስመሩን ግፊልኝ። መስመሩ ንቅንቅ አልልም አለ፣ ምዕራቡ አልለቅም አለ፣ ምሥራቁ አልወስድም አለ፣ ዘበኛው አላዝም አለ፣ በሩ አልከፈትም አለ፣ እኔም አልገባሁም።»

«የኔ እህት፣ አዲሱ ሰርቨር ነገ ይደርሳል ስንል ስንት ነገ አለፈ። የተጫዋቹን ስድብ አልቻልነውም። አሁን መስመር ብነካ ደግሞ ሌላ ቦታ ይፈርስብኛል። ባለቤቷ ራሱ ገብቶ ለምን አያነሳትም?»

ብሩክታዊት «አልገባም» ብላ ጻፈች፤ ሳትልከው አጠፋችው። «ኔትወርክ አስቸግሮት ነው» ብላ ጻፈች፤ እሱንም አጠፋችው። ከቀብሩ ወዲህ ያንን ቃል በአፏ አውጥታው አታውቅም፤ በጣቷም።

«ሞቷል» ብላ ጻፈች። «ወንድሜ ነው።»

«ነፍስ ይማር» አለች ፍሬሕይወት። «ጠብቂኝ።»

ያን ጊዜ ፍሬሕይወት መስመሩን ገፋች፤ መስመሩ ፈቀቅ አለ፤ ምዕራቡ ለቀቀ፤ ምሥራቁ ወሰደ፤ ዘበኛው አዘዘ፤ በሩ ተከፈተ፤ ብሩክታዊትም ገባች።

ውስጡ ጠባብ ነው። ሁለት ወንበር አለ። የአብራሪው ባዶ ነበር፤ እሷ ከጎኑ ባለው ተቀመጠች። በመስኮቱ ኮከብ ብቻ ይታያል።

እናቷ ልብስ ታቅፋ በክፍሏ ስታልፍ ስክሪኑ ፊት አየቻት። «ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?»

«የሱ መንኮራኩር ናት፣ እማዬ። አዲሱ ሰርቨር ሲመጣ ትጠፋለች።»

እናቷ ልብሱን አልጋው ላይ አስቀምጣ አጠገቧ መጣች። ለዚህ ጌም ስንቴ ተቆጥታው ነበር፤ ውስጡን ግን አይታው አታውቅም።

«የቱ ጋ ነበር የሚቀመጠው?»

ብሩክታዊት አሳየቻት። እናቷ በጣቷ ስክሪኑን፣ ባዶውን ወንበር፣ ቀስ አድርጋ ነካችው።

«በይ ጠጋ በይልኝ» አለቻት። «እስክትጠፋ ድረስ አብረን እንቀመጥ።»

ተረቴን ይኸው ሰጠኋችሁ፤ እናንተም በተራችሁ የጎደለባችሁን ሰው ስም ጥሩልኝ።